የመሪ ላይ ማርሽ ለአሮጌ መኪና፦ ከባሕር ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ አሮጌ መኪና ሊያድስ የተነሣ ሰው ስለ መሪ ላይ ማርሽ ሲያማክረኝ ወሬውን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ ከእጀታው ነው። ኒኬል የተቀባ ቀጭን እጀታ ከመሪው ሥር ወጥቶ በዓይነ ኅሊናው ይታየዋል፤ ከታች ያሉት ክንዶች፣ ዘንጎችና ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ግን ገና አልታሰቡም። እኔ ደግሞ ሁልጊዜ የምመልሰው ከታች ወደ ላይ ነው፦ አስቀድሞ ካምቢዮው፣ ቀጥሎ ዘንጎቹ፣ ከዚያ የመሪው ቱቦ፣ በመጨረሻ እጀታው። ከዚህ በታች ያሉት መልሶች የተጻፉትም በዚሁ አስተሳሰብ ነው።

የመሪ ላይ ማርሽ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ማርሽ መቀየሪያው ከወለል መውጣቱ ቀርቶ ከመሪው ክብ በታች፣ ከመሪው ዘንግ ጎን የሚወጣበት አሠራር ነው። መሪያቸው በግራ በሆኑ መኪኖች ላይ እጀታው በቀኝ እጅ በኩል ይሆናል። እጀታው ሁለት እንቅስቃሴ ብቻ አለው፤ ወደ አሽከርካሪው ተስቦ ወይም ወደ ክሩስኮቱ ተገፍቶ ይመርጣል፣ ከዚያ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሄዶ ማርሹን ያስገባል። በተለመደው የአሜሪካ ባለ ሦስት ማርሽ አሠራር ወደ ራስዎ ስበው ሲያወርዱት አንደኛ፣ ወደ ራስዎ ስበው ሲያነሡት የኋላ ማርሽ፣ ለቀው ወደ ላይ ሲያነሡት ሁለተኛ፣ ከዚያው ቀጥ አድርገው ሲያወርዱት ሦስተኛ ይገባል። ሁለተኛና ሦስተኛ በአንድ መስመር ላይ መሆናቸው በአጋጣሚ አይደለም፤ መንገድ ላይ እጅ የሚደጋግመው በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ ነው፣ ሞላውም እጀታውን ወደዚያው መስመር ይገፋዋል።

ዓይን የማያየው ክፍል የሚበልጠው ቁም ነገር ያለበት ነው። ከእጀታው ሥር አንድ ቱቦ ከመሪው ዘንግ ጋር ጎን ለጎን፣ በአንዳንዶቹ መኪኖች ደግሞ ዘንጉን እንደ ሽፋን ከቦ፣ እስከ ሞተር ክፍሉ ድረስ ይወርዳል። ከታች ጫፉ አጠገብ ሁለት አጫጭር ክንዶች ተደራርበው ተቀምጠዋል። እጀታው ሲሳብ ወይም ሲገፋ ቱቦው ጥቂት ሚሊ ሜትር ተንሸራትቶ ከሁለቱ ክንዶች አንዱን ብቻ ይይዛል፤ እጀታው ሲነሣ ወይም ሲወርድ ደግሞ ቱቦው የያዘውን ክንድ አዙሮ ዘንጉን ይስበዋል ወይም ይገፋዋል። አንደኛው ዘንግ የአንደኛና የኋላ ማርሽ ነው፣ ሁለተኛው የሁለተኛና የሦስተኛ። ይህን አንዴ በአእምሮው የሣለ ሰው ቀሪውን ጥያቄ ግማሹን ራሱ ይመልሰዋል።

እንዲህ ዓይነት ማርሽ ለምን ተሠራ? ለምንስ ቀረ?

እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የፊት ወንበሩን ከዳር እስከ ዳር ወጥ አድርገው ሦስት ሰው በምቾት ለማስቀመጥ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ ከወለሉ መሐል የሚወጣ እጀታ ደግሞ የመሐለኛውን ሰው ጉልበት ይገፋል። ፖንቲያክ በ1938 ሞዴሎቹ ላይ እጀታውን ወደ መሪው አምጥቶ በአማራጭነት አቀረበው፤ ፎርድ በ1940 ሞዴሎቹ ተከተለ። አውሮፓውያኑም ወሰዱት፤ የፔዦ 403 እና 404፣ የፊያት 1100 እንዲሁም የ1950ዎቹና የ1960ዎቹ መርሴዲሶች በዚህ ዓይነት ማርሽ ተሠርተዋል። የጃፓን ፋብሪካዎች ደግሞ በላንድክሩዘር፣ በሃይሉክስና በሃይስ ላይ ለረጅም ጊዜ ተጠቅመውበታል። ለየብቻ የሆኑ የፊት ወንበሮች ሲለመዱና የማርሹ ቁጥር ወደ አራትና አምስት ሲያድግ የወለሉ እጀታ ቀላልና ርካሽ ሆኖ ተመለሰ። ጉዳዩ ከጥራት ጋር የተያያዘ አይመስለኝም፤ ፔዦ 404 የምሥራቅ አፍሪካን የሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ ሲያሸንፍ ማርሹ የሚቀየረው ከመሪው ላይ ነበር።

ሆት ሮድ የሚባለው መኪና ላይ የመሪ ላይ ማርሽ ይስማማል?

ሆት ሮድ ማለት በመሠረቱ የድሮ ቦዲ ላይ ጠንከር ያለ ሞተር ተጭኖበት፣ ክብደቱ ቀንሶ የሚሮጥ መኪና ነው፤ ልማዱ ከካሊፎርኒያ ወጣቶች የመጣ ነው። ከሁሉ የሚወደደው እ.ኤ.አ. የ1932 ፎርድ ነው፤ በዚያ ዓመት 3.6 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ 65 የፈረስ ጉልበት ይዞ ወጣ። ልብ ማለት የሚገባው ግን የዚያ መኪና ማርሽ በወለል ላይ ነበር። ስለዚህ በ1932 ፎርድ ቅርጽ ላይ የመሪ ማርሽ የሚተክል ሰው ተጨማሪ ነገር እያስገባ ነው እንጂ የጥንቱን እየመለሰ አይደለም። በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ ቦዲዎች ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የመሪው ማርሽ የቤቱ ልጅ ነው።

በእኛ ከተማ 1932 ፎርድ የሚገነባ ሰው አላጋጠመኝም። የሚያጋጥመኝ አሮጌ ፔዦ ወይም መርሴዲስ፣ አንዳንዴ ፒክአፕ ይዞ የጃፓን ሞተር ያስገባበት ሰው ነው። ስሙን ምንም ይበሉት፣ የማርሹ ችግር አንድ ነው።

የመሪ ላይ ማርሽ ይሻለኛል ወይስ የወለል?

የፊት ወንበሩ ወጥ ከሆነ፣ መኪናውን የሚፈልጉትም እሑድ ከሰዓት በኋላ ቤተሰብ ይዘው በዘንባባዎቹ ሥር ወደ ጣና ዳር ለመውረድ ወይም ወደ በዛዊት ኮረብታ ለመውጣት ከሆነ የመሪ ላይ ማርሽ ደስ ይላል፤ ጋቢናው ይሰፋል፣ ወለሉም አይቆረጥም። ሞተሩ ከፋብሪካው ሞተር በእጥፍ የሚበልጥ ጉልበት ካለው፣ ማርሽም በፍጥነት እየገፉ መቀየር የሚወዱ ከሆነ ግን በወለል ላይ ይትከሉ። የመሪ ላይ ማርሽ ረጅም መንገድ በብዙ መጋጠሚያ አልፎ ስለሚደርስ ችኮላ አይወድም፤ የሚያስቸኩሉት ሰው ዋጋውን በመቆለፍ ይከፍላል።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ። መሪው በግራ በሆነ መኪና ላይ የመሪው ሳጥን፣ የፍሪሲዮን ማስተላለፊያውና የፍሬን ቧንቧው በግራ በኩል ተፋፍገዋል። የአዲሱ ሞተር የጭስ መውጫም በዚያው ጎን ከሆነ ለሁለት ዘንጎች ቦታ መፈለግ ከባድ ሥራ ነው። ዘንጎቹ ከጋለ ቱቦ ቢያንስ ሁለት ጣት ያህል ካልራቁ የመገጣጠሚያው ናይለን ይቀልጣል።

በመጀመሪያ ምን ልምረጥ?

ካምቢዮውን ይምረጡ። ከዚህ በላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር የለም፤ ሰው ተሳስቶ ገንዘቡን የሚያጠፋው እዚህ ላይ ነውና።

ከመሪ ጋር የሚገናኙ የማርሽ አሠራሮች በሁለት ቤተሰብ ይከፈላሉ። በመጀመሪያው ቤተሰብ፣ ማለትም በአሜሪካዎቹ ባለ ሦስት ማርሾች፣ ካምቢዮው ጎኑ ላይ ሁለት ክንዶች አሉት፤ እያንዳንዱ ክንድ ሁለት ማርሽ ያስገባል። አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ክንድ የሁለተኛና የሦስተኛ ነው፣ የኋለኛው ደግሞ የአንደኛና የኋላ ማርሽ። የመሪው ቱቦ ከሁለቱ አንዱን መርጦ ይስባል። በሁለተኛው ቤተሰብ፣ ባለ አራትና ባለ አምስት ማርሽ በሆኑት በብዙዎቹ ላይ፣ ሁለቱ ማስተላለፊያዎች ሥራ ተከፋፍለዋል፤ አንዱ መምረጥ ብቻ ነው ሥራው፣ ሌላው ማስገባት ብቻ፤ ምርጫው ራሱ የሚፈጸመው በካምቢዮው ውስጥ ነው። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም ሁለት ዘንግ ያላቸው ስለሆኑ ይመሳሰላሉ፤ የአንዱን መሪ ከሌላው ካምቢዮ ጋር ማጋባት ግን አይቻልም። ከሃይስ ላይ የተፈታ የመሪ ማርሽ ከአሜሪካ ባለ ሦስት ካምቢዮ ጋር እንዲሠራልኝ ተብዬ ሁለት ቀን ከደከምኩ በኋላ ነው ይህን ነገር በወረቀት ላይ መሣል የጀመርኩት።

ሦስተኛ ዓይነት ካምቢዮም አለ፤ እጀታው ከላይ ከክዳኑ ላይ በቀጥታ የሚተከልበት። የ1939 ፎርድ ካምቢዮ እንዲህ ነው፤ በ1940 የመጣው ግን ከጎን የሚቀየር ሆነ። የወለል ማርሽ የሚፈልጉት የአሜሪካ ልጆች የ1939ኙን እያሳደዱ የሚገዙት ለዚህ ነው። እርስዎ ግን ፍላጎትዎ ተቃራኒ ስለሆነ ከጎን የሚቀየረውን ይፈልጉ።

ከካምቢዮው ውስጥ ደግሞ አንደኛ ማርሹ ሲንክሮ፣ ማለትም ጥርሶቹ ከመግጠማቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያስተካክል ቀለበት፣ እንዳለው ይጠይቁ። በብዙ የጥንት ባለ ሦስት ካምቢዮዎች ላይ ሲንክሮ ያላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ብቻ ናቸው፤ መኪናው ፈጽሞ ሳይቆም አንደኛ ለማስገባት ሲሞክሩ ጥርሶቹ ይንጫጫሉ። ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1963 ያወጣው 3.03 የተባለው ካምቢዮ ሦስቱም የፊት ማርሾቹ ሲንክሮ አላቸው፤ ቁጥሩ በውስጡ ባሉት በሁለቱ ዋና ዘንጎች መካከል ያለውን ርቀት በኢንች የሚገልጽ ነው። በየመገናኛው ባጃጅ፣ ብስክሌትና እግረኛ በሚያቋርጥበት በእኛ ከተማ በቀን ስንት ጊዜ ወደ አንደኛ እንደሚወርዱ ሲያስቡት የአንደኛ ሲንክሮ ቅንጦት አይደለም።

ባለ አራት ወይም ባለ አምስት ማርሽ ካምቢዮ ከመሪ ላይ መቀየር ይቻላል?

ፋብሪካው ለዚያው የሠራው ከሆነ አዎን፤ የፔዦ ባለ አራትና የሃይስ ባለ አምስት ምስክር ናቸው። በዚህ ጊዜ መሪውን፣ ማስተላለፊያዎቹንና ካምቢዮውን ከአንድ መኪና ላይ አንድ ላይ ይውሰዱ። ጎኑ ላይ ሦስት ክንድ ያለው የአሜሪካ ባለ አራት ካምቢዮ ከሆነ ግን ሁለት ክንድ ያለው መሪ አይበቃውም፤ እሱን በወለል ላይ ይትከሉ።

የክንዶቹ ርዝመት ለምን ያን ያህል ይነገርለታል?

እጀታው ምን ያህል እንደሚሄድ የሚወስኑት እነሱ ስለሆኑ ነው። በምሳሌ እንየው። የካምቢዮው ክንድ ከመዞሪያው እስከ ዘንጉ ቀዳዳ 75 ሚሊ ሜትር ቢሆንና ማርሽ ለማስገባት ከዜሮ (ምንም ማርሽ ካልገባበት ቦታ) ወደ አንድ ጎን 20 ዲግሪ መዞር ቢኖርበት፣ ዘንጉ ወደ 26 ሚሊ ሜትር ይጓዛል ማለት ነው። ከመሪው ሥር ያለው ክንድም 75 ሚሊ ሜትር ከሆነ እሱም 20 ዲግሪ ይዞራል፤ 300 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው እጀታ ጫፉ ላይ ከዜሮ ወደ አንድ ጎን 105 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ይህ መልካም ነው። የመሪው ክንድ 50 ሚሊ ሜትር ቢሆን ግን 31 ዲግሪ ያህል መዞር ይኖርበታል፤ የእጀታው ጫፍ 160 ሚሊ ሜትር ይጓዛል፤ አንደኛ ሲያስገቡ ጉልበትዎን ይመታል፣ ሁለተኛ ሲያስገቡ የመሪውን ክብ ይነካል። ማሳጠር የሚፈልግ ሰው የመሪውን ክንድ ያረዝማል ወይም የካምቢዮውን ያሳጥራል፤ ይሁንና እንቅስቃሴው ባጠረ መጠን ለእጅ እየከበደ እንደሚሄድ ማወቅ አለበት።

ሁለተኛው ነገር ማዕዘን ነው። ካምቢዮው ዜሮ ላይ (መካኒኮች ፎሌ የሚሉት ላይ) ሲሆን ዘንጉና ክንዱ በሁለቱም ጫፍ ወደ ቀጤ ማዕዘን መጠጋት አለባቸው። አለዚያ ሁለተኛው ልክ ገብቶ ሦስተኛው ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራል፤ ሰውየው ካምቢዮው ተበላሸ ብሎ ያስፈታል፣ ካምቢዮው ግን ደኅና ነው። ብዙ ካምቢዮ በዚህ ምክንያት በከንቱ ተፈትቷል።

ማርሹ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ ቢገባስ?

ሲያነሡት ሦስተኛ፣ ሲያወርዱት ሁለተኛ የሚገባ ከሆነ ብልሽት የለም፤ የካምቢዮው ክንድ ወደ ላይ ማየት ሲገባው ወደ ታች እያየ ነው፣ ወይም በተገላቢጦሽ። ክንዱን ፈትተው ገልብጠው ያሰሩት፤ የዘንጉንም ርዝመት እንደገና ይለኩ።

ያገለገለ ዕቃ ስገዛ ምን ልመልከት?

እዚህ ባሕር ዳር ከቆሙ አሮጌ መኪኖች የሚገኝ አለ፤ ሙሉ ምርጫ ያለው ግን አዲስ አበባ፣ መርካቶ ሶማሌ ተራ ነው። እዚያ ሲሄዱ እጀታውን ብቻ ይዘው እንዳይመለሱ። የመሪው ቱቦ፣ የታችኛው መያዣ፣ ሁለቱም ክንዶች፣ ዘንጎቹ ከነዳዷቸውና ከነሮንዴላቸው፣ ቢቻል ካምቢዮውም በአንድ ላይ መምጣት አለባቸው። አንዲት የጎደለች መያዣ የሁለት ሳምንት የቶርኖ ሥራ ልትሆን ትችላለች።

ከመክፈልዎ በፊት ቱቦውን በሁለት እጅ ይያዙና እጀታውን ወደ ራስዎና ወደ ፊት ይወዝውዙት፤ የታችኛው ጫፍ ሳይንቀሳቀስ እጀታው ብቻ የሚጫወት ከሆነ የላይኛው መዞሪያ ፒን አልቋል። ቀጥሎ ሁለቱን ክንዶች የሚመርጠውን ትንሿን ምላስ ይመልከቱ፤ ጠርዟ ቀጥ ያለ መሆን አለበት፣ ከተድበለበለች ከሁለቱ ክንዶች መካከል ልትቀር ትችላለች። የክንዶቹን ቀዳዳዎች ደግሞ በጣትዎ ይዳስሱ፤ ክብ መሆን ሲገባቸው ሞላላ ከሆኑ ሻጩ የሚነግርዎት የኪሎ ሜትር ቁጥር ምንም ይሁን ምን ዕቃው ብዙ ሠርቷል።

የመሪው ጎንም ያታልላል። በኬንያ በኩል የሚመጣ ዕቃ መሪው በቀኝ ከሆነ መኪና ላይ የተፈታ ስለሚሆን እጀታው በግራ ይወጣል፣ ክንዶቹም የመስታወት ግልባጭ ናቸው። ሱዳን እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ በቀኝ ስለምትነዳ ከዚያ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ለእኛ ይሆናል። አገራችን ራሷ ከግራ ወደ ቀኝ የተሸጋገረችው እ.ኤ.አ. በ1964 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት የገባ መኪና ይዘው ከሆነ የራስዎንም መኪና አስቀድመው ይመልከቱ።

ማርሹ በሁለት መሐል ይቆለፋል። ምን ላድርግ?

ይህ የመሪ ላይ ማርሽ የታወቀ ሕመም ነው። ምላሷ ከአንደኛው ክንድ ሳትወጣ ሁለተኛውን ትነካለች፤ ሁለቱም ክንዶች ከመስመር ይወጣሉ፤ እጀታው ወደ የትም አይሄድም። እኔን ያጋጠመኝ አሮጌው የዓባይ ድልድይ ላይ ነው፤ 380 ሜትር የሚረዝመው አዲሱ ድልድይ በግንቦት 2016 ዓ.ም. ከመመረቁ በፊት ከተማው በሙሉ በዚያ በጠባቡ ሲያልፍ። ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ቸኩዬ ስስበው አንደኛ ላይ ተቸንክሮ ቀረ፤ ከኋላዬ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ፣ አህያ የሚነዳው ገበሬ ሳይቀር ተሰለፉ። ድልድዩን በአንደኛ ማርሽ እየጮኸች አሻገርኳት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። መኪናውን አቁመው፣ ሞተሩን አጥፍተው፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፤ ጎማ ሥርም ድንጋይ ያድርጉ። ኮፈኑን ከፍተው ከመሪው ቱቦ ሥር ያሉትን ሁለቱን ክንዶች ይፈልጉ፤ አንዱ ከሌላው ፈንጠር ብሎ ያገኙታል። ፍሪሲዮኑን ሌላ ሰው ረግጦ ይያዝልዎና የፈነጠረውን ክንድ በእጅዎ ወይም በካቻቪቴ እየገፉ ከሌላው ጋር ያሰልፉት፤ ቀጭ ብሎ ሲገጥም ይሰማዎታል። ሞተሩ ከጋለ ጓንት ያስፈልጋል። በዓመት አንዴ ቢቆለፍ የእጅ ችኮላ ነው፤ በወር ሁለቴ ከሆነ ግን ማስተካከል ወይም ቡሽንግ (በመጋጠሚያው ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ቀለበት) መቀየር የግድ ነው።

የማስተካከሉ ሥራ እንዴት ነው?

ቀላልነቱ ሰውን ያስገርማል። እጀታውን ዜሮ ላይ ያድርጉት። በብዙዎቹ ዓይነቶች ሁለቱ ክንዶችና መያዣቸው ትይዩ የሆነ ቀዳዳ አላቸው፤ በቀዳዳው 6 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ የትራፓኖ ፑንታ ወይም ለስላሳ ብረት ያስገቡ፣ ክንዶቹ ከቦታቸው እንዳይላወሱ ይይዛቸዋል። ከዚያ መኪናው ሥር ገብተው የሁለቱን ዘንጎች ማሰሪያ ዳዶ ያላሉ፤ የካምቢዮውን ሁለት ክንዶች አንድ በአንድ እያንቀሳቀሱ ዜሮአቸውን በስሜት ያግኙ፤ ዘንጎቹ ሳይገፉና ሳይሳቡ በራሳቸው ርዝመት በተቀመጡበት ዳዶውን ያጥብቁ። ፑንታውን ያውጡና ማርሾቹን ሁሉ ሞተሩ ጠፍቶ ይሞክሩ። ፑንታውን ሳያወጡ እጀታውን የሳበ ሰው አውቃለሁ፤ ስሙን አልናገርም፣ ክንዱን ግን እኔው ነኝ ያቃናሁለት።

ሁሉም ልክ ሆኖ ሳለ ነዳጅ ሲረግጡ ማርሹ እየዘለለ የሚወጣ ከሆነ ዘንጎቹን ትተው ሞተሩ የተቀመጠባቸውን ጎማዎች ይመልከቱ። የመሪው ቱቦ ከቦዲው ጋር የታሰረ ነው፣ ካምቢዮው ግን ከሞተሩ ጋር ይወዛወዛል፤ ጎማው ያለቀ ሞተር ሲንቀጠቀጥ ዘንጉን ራሱ ይስበዋል።

ቡሽንግ እዚህ ማሠራት ይቻላል?

ይቻላል። ከተማችን እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ ፖሊቴክኒክ የነበራት ከተማ ናት፤ ብረት በልኩ የሚቆርጥ ሰው አናጣም። ለመሪው ቱቦ የናስ፣ ለዘንጎቹ ጫፍ የናይለን ቡሽንግ አሠራለሁ። ለቶርኖ ባለሙያው ያረጀውን ቡሽንግ አይስጡት፣ ያረጀ ነገር ያረጀ ልክ ይሰጣል፤ ፒኑን ራሱን ይስጡትና ያልተበላውን የፒኑን ክፍል ይለካ። ሞላላ የሆነ ቀዳዳ በብየዳ ተሞልቶ እንደገና ይበሳል፤ ትልቅ ቡሽንግ ከትቶ ማለፍ ለጥቂት ወራት ብቻ ያገለግላል።

የጣና እርጥበት ይጎዳዋል?

ይጎዳዋል፣ ግን ሐይቁን ብቻውን መውቀስ ተገቢ አይደለም። የበለጠ የሚጎዳው የክረምቱ ጭቃ ነው፤ ወደ ጢስ ዓባይ ወይም ወደ ዘጌ በፒስታ የተመላለሰ መኪና የታችኛው ዘንግ መጋጠሚያዎቹ በአሸዋ የተለወሰ ግሪስ ይይዛሉ፣ ያም ናስን እንደ ሞረድ ይበላዋል። ስለዚህ ግሪሱ ጥቂት ይሁን። ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረም ላይ፣ መጋጠሚያዎቹን ፈትቶ ማጠብና ቀለም የለቀቀውን ዘንግ መቀባት በቂ ነው። ለወራት ቆሞ የሚከርም መኪና ካለዎት እጀታውን በየሳምንቱ በማርሾቹ ሁሉ ያዙሩት፤ የላይኛው ቱቦ ከመሪው ሽፋን ጋር በዝገት የሚጣበቀው ሳይንቀሳቀስ ሲቀር ነው።

ሦስት ማርሽ ለእኛ አገር መንገድ ይበቃል?

ለከተማው ይበቃል፤ ባሕር ዳር ሜዳ ናት። ከከተማ ሲወጡ ግን ሁለት ነገር ያስቡ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ከባሕር ዳርቻው 16 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ ካርቡራተር ያለው ሞተር ጉልበቱ በዚያው መጠን ይቀንሳል። በባለ ሦስት ካምቢዮ ላይ በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ስለሆነ፣ ሦስተኛ የከበደውና ሁለተኛ የሚያስጮኸው ዳገት ብዙ ነው። ሁለተኛው የዓባይ በረሃ ነው። ከደጀን እስከ ወንዙ መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ ያን ቁልቁለት በሁለተኛ ማርሽ መውረድ እንጂ በፍሬን ብቻ መውረድ አይሞከርም። እዚያ ላይ ማርሹ በመሐል ቢቆለፍ ምን እንደሚሆን ይገምቱት። አዲስ አበባ የሚመላለሱበት መኪና ከሆነ ምክሬ ባለ አራቱን ከነመሪው ማግኘት ነው፤ ለከተማና ለጎንደር መንገድ ባለ ሦስቱ ከጥሩ ሞተር ጋር ያገለግላል።

ደኅንነቱስ? የቦሎ ምርመራ ላይ ችግር ይፈጥራል?

ማርሹ የትም ይሁን የት፣ መርማሪው የሚያየው መሪው ጨዋታ እንደሌለውና ፍሬኑ እንደሚይዝ ነው። ሞተር ቀይረው ከሆነ የሞተሩ ቁጥር በሊብሬው ላይ ስለሚሰፍር አስቀድመው ያስመዝግቡ።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በጥንቱ አሠራር የመሪው ዘንግ ከመሪው ሳጥን እስከ ደረትዎ ድረስ አንድ ወጥ ብረት ነው፤ በግጭት ጊዜ እንደ ጦር ወደ ኋላ ይመጣል። ጄኔራል ሞተርስ እ.ኤ.አ. ከ1967 ሞዴሎቹ ጀምሮ ሲመታ የሚታጠፍ የመሪ አምድ አስገባ፤ ባለ ሦስት ማርሽ ሆነው የተሠሩም ነበሩ። ምርጫ ካለዎት ይህን ይውሰዱ። የታጠፈ ወይም የተበየደ ከሆነ ግን ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙት፤ የመሪ ዘንግ በብየዳ አይቀጠልም፣ ወይ በሙሉ ይቀየራል ወይም በቡሎን በሚታሰር መገጣጠሚያ ይያያዛል።

እጀታውንስ እንዴት ልምረጥ?

ከመሪው ክብ ጠርዝ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብሎ፣ እጅዎ ከመሪው ሳይለቅ ጣትዎ የሚደርስበት ይሁን። ሁለተኛ ላይ ሲነሣ የመሪውን ክብ፣ አንደኛ ላይ ሲወርድ ጉልበትዎን፣ ሲገፋ ክሩስኮቱን እንዳይነካ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ይሞክሩት፤ በቆመ ሰው ልክ የታጠፈ እጀታ ለተቀመጠ ሰው አይሆንም። ቀንበጥ በመሰለ ቀጭን ብረት አይሠራ፣ ሲስቡት ከተለመጠ ማርሹ መግባቱን እጅዎ አያውቅም። የጫፉ ኳስ ከቀንድም ይሁን ከእንጨት፣ እሱን እንደ ወደዱ ያድርጉት።